«ማርሚታውን አውጣው፣ ፈረስ ይጨምራል» እና ሌሎች ስለ ሞተር ጉልበት የሚነገሩ ስህተቶች

ባለ አራት ሲሊንደር ትንሽ መኪና የያዘ ሰው «ጉልበት አነሰኝ» ባለ ቁጥር የሚሰጠው ምክር አንድ ነው፦ ማርሚታውን (የጭሱን ድምፅ የሚያፍነውን ሳጥን) አውጥተህ ወፍራም ቱቦ አስገጥም። ይህ ምክር ሳይመረመር ከአፍ ወደ አፍ ሲዞር ስለኖረ ብዙዎች ገንዘባቸውን አፍስሰውበታል። ድምፁ መጨመሩ እርግጥ ነው። ጉልበቱ ግን፣ ቱርቦ (አየር አምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) በሌለው 1.6 ሊትር ሞተር ላይ፣ በዝቅተኛ ዙር ጭራሽ ይቀንሳል።

ጭስ ከሲሊንደር የሚወጣው እየተቆራረጠ፣ በምት በምት ነው። እያንዳንዱ ምት በቱቦው ውስጥ ሲምዘገዘግ ከኋላው ዝቅተኛ ግፊት ትቶ ያልፋል። የማስገቢያና የማስወጫ ቫልቮች ለአፍታ አብረው ሲከፈቱ ይህ ዝቅተኛ ግፊት የቀረውን ጭስ መጥጦ ያወጣል፣ አዲሱንም አየር ይስባል። ቱቦው ከልክ በላይ ሲሰፋ የጭሱ ፍጥነት ይወርዳል፣ መምጠጡም ይዳከማል። መኪናው በደቂቃ ከ1500 እስከ 3500 ዙር ባለው፣ ማለትም አብዛኛውን ጊዜ በሚነዳበት ክልል፣ የሚሰንፈው ለዚህ ነው። 100 የፈረስ ጉልበት አካባቢ ላለው ሞተር 2 ኢንች ገደማ (51 ሚሊሜትር) ቱቦ ይበቃዋል። 2.5 ኢንች የሚያስፈልገው ጉልበቱ ወደ እጥፍ ሲጠጋ ነው።

«ሞተር የኋላ ግፊት ያስፈልገዋል» የሚሉትም ተሳስተዋል። የሚያስፈልገው የጭሱ ፍጥነት ነው፤ ግፊቱ ምንጊዜም ጉዳት ነው። ስለዚህ ከመቁረጥ በፊት ይለካ። የፊተኛውን የኦክስጅን ሴንሰር (በጭሱ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን የሚለካውን) ፈትቶ በቀዳዳው የግፊት ጌጅ ማሰር ነው። ሞተሩ ሞቆ፣ ማርሽ ሳይገባ 2500 ዙር ላይ ሲያዝ ጌጁ ከ0.2 ባር በላይ ካሳየ ካታሊስቱ (ጭሱን የሚያጣራው) ወይም ማርሚታው ተደፍኗል፤ የተደፈነውን መቀየር የጠፋውን ጉልበት ይመልሳል። ከዚያ በታች ከሆነ ጭስ ማውጫውን መንካት አያስፈልግም። በብየዳ የተሠራው ቱቦ ከሴንሰሩ በፊት ትንሽ እንኳ ቀዳዳ ካለው ደግሞ የውጭ አየር ይስባል፤ ሴንሰሩ ነዳጅ ያነሰ ይመስለዋል፣ የሞተሩ ኮምፒውተር ነዳጅ ይጨምራል፣ ካንዴላዎቹ (እሳት የሚሰጡት) ጥቀርሻ ይለብሳሉ። ከዚያ «ይህ መኪና ነዳጅ ይበላል» ይባላል!

በጭስ በኩል የሚረባው ማኒፎልዱ፣ ማለትም ጭሱን ከሲሊንደሮቹ የሚሰበስበው ቱቦ ነው። የማቃጠል ተራው 1-3-4-2 በሆነ ሞተር 1ኛውን ከ4ኛው፣ 2ኛውን ከ3ኛው አጣምሮ በመጨረሻ አንድ የሚያደርገው 4-2-1 ማኒፎልድ መካከለኛውን ዙር ያጠናክራል። አራቱንም በአንዴ የሚያገናኘው 4-1 የሚጠቅመው ከፍተኛ ዙር ላይ ብቻ ነው።

«ክፍት ፊልትሮ አየር ይጨምራል።» ኮፈኑ ሥር ተጋልጦ ከተገጠመ የሚስበው ራዲያተሩና ማኒፎልዱ ያሞቁትን አየር ነው። 30 ዲግሪ የነበረው አየር 60 ሲደርስ ክብደቱ 9 በመቶ ይቀንሳል፤ ጉልበቱም አብሮ ይወርዳል። ከፊት ቀዝቃዛ አየር የሚያስገባውን የፋብሪካ ሳጥን ይዞ ንጹሕ ፊልትሮ ማድረግ ይሻላል።

«በኤሌክትሪክ የሚሠራ ቱርቦ አለ፣ ቱቦው ላይ ይገጠማል።» 1.6 ሊትር ሞተር በ6000 ዙር በደቂቃ እስከ 4800 ሊትር አየር ይጠጣል። ያንን አየር በ0.3 ባር ለማመቅ ወደ 4 ኪሎዋት ይፈልጋል፤ በ12 ቮልት ሲሰላ ከ300 አምፔር በላይ ነው። በቀጭን ሽቦ የሚሠራ ማራገቢያ ይህን ሊያደርግ አይችልም። የአየሩን መንገድ ይዘጋል እንጂ አያግዝም።

«ከፍተኛ ኦክቴን ያጠነክራል።» ኦክቴን ቤንዚኑ ያለጊዜው እንዳይፈነዳ መቋቋሙን ይለካል፤ በውስጡ ያለውን ኃይል አይደለም። ሞተሩ በታዘዘለት ቤንዚን ካላንኳኳ (ቤንዚኑ ያለጊዜው ካልፈነዳ) ለውጥ የለም።

«ኢሪዲየም ካንዴላ ፈረስ ይጨምራል።» ዕድሜው ይረዝማል፣ በቃ።

«ቴርሞስታት ሲወጣ ሞተሩ ይፈጥናል።» ቀዝቃዛ ሞተር ውስጥ ኮምፒውተሩ ነዳጅ ያበዛል፣ ዘይቱ ወፍሮ ይቆያል፣ ሲሊንደሩም ቶሎ ይበላል።

ኮምፒውተሩን እንደገና ማስተካከልን በተመለከተ፣ ከፋብሪካ ቱርቦ ይዞ በመጣ ሞተር ላይ ከ20 እስከ 30 በመቶ መጨመር የተለመደ ነው። ቱርቦ በሌለው ላይ ግን 5 በመቶ ከተገኘ ጥሩ ነው። ባልተዘጋጀ ሞተር ላይ «ቱርቦ ብቻ እንግጠም» ማለትም አደገኛ ነው። ኮምፕሬሽኑ (ፒስቶኑ አየሩን የሚያምቅበት መጠን) 10 ለ 1 በሆነ ሞተር ላይ ተጨማሪ አየር ሲታመቅ ማንኳኳት ይመጣል፣ ፒስቶን ይሰነጠቃል፣ ቢዬላ (ፒስቶኑን የሚይዘው ዘንግ) ይጣመማል። ነዳጅ የሚረጨው ኢንጀክተሩም አይበቃም፤ ለ100 ፈረስ በደቂቃ 165 ሚሊሊትር ገደማ የሚረጭ ሲበቃ፣ በቱርቦ 150 ፈረስ ለማውጣት እያንዳንዱ ወደ 300 ሚሊሊትር መርጨት አለበት።

ብዙ ጊዜ የሚፈለገው ፈረስ እዚያው መኪናው ውስጥ የጠፋ ነው። ሞተሩ ጠፍቶ ሌላ ሰው ነዳጅ መስጫውን እስከ ወለሉ ይርገጥ፤ የአየር ማስገቢያው ክዳን ሙሉ በሙሉ መከፈቱን በዓይን ማየት ነው። በገመድ በሚሠራው ላይ የላላ ገመድ ብቻውን ጉልበት ይቀማል። ቀጥሎ ኮምፕሬሽን ይለካ፦ ሞተሩ ሞቆ፣ አራቱም ካንዴላዎች ወጥተው፣ ነዳጁና እሳቱ ተቋርጦ፣ ነዳጅ መስጫው እንደተረገጠ፣ የጌጁ ቁጥር መጨመር እስኪያቆም ማስነሳት። ጤነኛ ሞተር ብዙውን ጊዜ ከ12 እስከ 14 ባር ያሳያል፤ በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ከ10 እስከ 15 በመቶ ማለፍ የለበትም። ዝቅ ባለው ላይ አንድ ማንኪያ የሞተር ዘይት ጨምሮ እንደገና መለካት ነው፤ ቁጥሩ ከጨመረ ፋሻው (የፒስቶኑ ቀለበት) አልቋል፣ ካልጨመረ ቫልቩ ያፈስሳል። ጎን ለጎን ያሉ ሁለቱ አብረው ከወረዱ የቴስታታውን (የሞተሩን የላይኛ ክፍል) ጓርኒሲዮን፣ ማለትም ማሸጊያውን፣ መጠርጠር ነው። አራቱም እኩል ከወረዱ ግን ቴስታታውን ከማውረድ በፊት የታይሚንግ ቺንጋው (ቫልቮቹን ከፒስቶኖቹ ጋር የሚያስማማው ቀበቶ) ጥርስ ዘሎ እንደሆነ ምልክቶቹን ማመሳከር ይቀድማል።