ሃይማኖት ለመባል የግድ ማመን ያስፈልጋል?

ሃይማኖት ምንድን ነው ሲባል ብዙዎቻችን «በፈጣሪ ማመን ነዋ!» እንላለን። እንግሊዛዊው የሰው ልጅ ባህል አጥኚ (አንትሮፖሎጂስት) ኤድዋርድ ታይለር እ.ኤ.አ. በ1871 የሰጠው ትርጉምም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ለእሱ ሃይማኖት ማለት በመንፈሳውያን ፍጡራን ማመን ነው። አጭር ነው፣ ግልጽ ነው። ጣጣው የሚመጣው ጃፓን ስንደርስ ነው።

እዚያ በፈረንጆች አዲስ ዓመት ሰሞን በሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ ወደ ሺንቶ (የጃፓን ነባር ሃይማኖታዊ ሥርዓት) እና ቡድሃ መቅደሶች ይጎርፋል። በሺንቶው መቅደስ ሰዉ እጁን ይታጠባል፣ ሳጥኑ ውስጥ ሳንቲም ይጥላል፣ ሁለቴ ጎንበስ ይላል፣ ሁለቴ ያጨበጭባል፣ ልመናውን ያደርሳል፣ አንዴ ደግሞ ጎንበስ ብሎ ይሄዳል። ከእነዚህ ብዙዎቹን «ሃይማኖትህ ምንድን ነው?» ብትሏቸው «የለኝም» ነው መልሳቸው። ታዲያ ያ ሁሉ ምን ነበር? በታይለር ሚዛን መልስ ያጥረናል።

ፈረንሳዊው የማኅበረሰብ ተመራማሪ ኤሚል ዱርካይም በ1912 ሌላ መንገድ ሞከረ። እምነትን አልጣለም፤ ግን ሥርዓትን ከጎኑ አስቀመጠ። ሁለቱም ቅዱስ ከሚባል ነገር ጋር ተያይዘው ሰዎችን አንድ ማኅበር ያደርጋሉ አለ። አምላክ የግድ አይደለም። ለእኔ ይሄኛው ይሻላል።

አንትሮፖሎጂስቱ ታላል አሰድ ደግሞ በ1993 ነገሩን ከሥሩ ነካው። በልብ ያለን እምነት ማስቀደም ራሱ የዘመናዊው አውሮፓ ክርስትና ታሪክ ያመጣው ነው፤ ለሁሉም ቦታና ዘመን የሚሆን አንድ ትርጉም አይገኝም ባይ ነው።

ይህን ሰምቶ «ምሁራን እምነትን ጣሉት» ማለት ግን ስህተት ነው። ያለ ሸሃዳ እስልምናን፣ ያለ ጸሎተ ሃይማኖት ክርስትናን ማስረዳት አይቻልም። ክርክሩ ይህን መለኪያ ለሁሉም እናድርገው ወይ የሚለው ላይ ነው።