በገበሬ ማሳ ዳር ወፍ ማየት፦ የመግቢያ ፈቃድና ሥርዓቱ በኢትዮጵያ

በኢትዮጵያ ከ850 በላይ የወፍ ዝርያዎች ተመዝግበዋል። ወፍ ማየት ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ ትዝ የሚለው ብሔራዊ ፓርክ ነው፤ ባሌ፣ አዋሽ፣ ነጭ ሣር። ይሁን እንጂ ሰው ባሕር ተሻግሮ ሊያያቸው ከሚመጣባቸው ብርቅዬ ወፎች ብዙዎቹ የሚኖሩት ከፓርክ ውጭ ነው። ሰማያዊ ክንፍ ያለው ዝይ ከእንጦጦ ማዶ ባለው የሱሉልታ መስክ ከላምና ከበግ ጋር ሲግጥ ይውላል። አንኮበር ሴሪን የምትባለው ትንሽ ወፍ ገደል አፋፍ ላይ ባለው ሣርና በእርሻ ዳር ዘር ትለቅማለች። የጀማ ሸለቆው ሃርዉድ ቆቅም ከወንዝ ዳር ቁጥቋጦ እየወጣ ማሳ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ወፍ ተመልካቹ አወቀም አላወቀም የቆመው በአንድ ገበሬ እንጀራ ላይ ነው።

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው። ከዚህ ተነሥቶ «የሕዝብ ከሆነማ ማንም ይገባበታል» የሚል ጎብኚ አይጠፋም። ይህ ስህተት ነው። ገበሬው መሬቱን መሸጥ ባይችልም የመጠቀም መብቱ በሕግ የተጠበቀ ነው፤ ብዙውም በስሙ የወጣ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር አለው። ደጋው ላይ ማሳ እምብዛም አይታጠርም። ድንበሩ የሚታወቀው በተተከለ ድንጋይ፣ በቁጥቋጦ ወይም ሳይታረስ በቀረ ጠባብ የሣር መስመር ነው። እንግዳው ባዶ ሜዳ መስሎት ሲራመድ፣ ከኮረብታው ጀርባ ግን ቢያንስ ሁለት ሦስት ሰው እያየው ነው። ግጦሹም ቢሆን ባለቤት አለው፤ የወል መሬት ከሆነ የሚያስተዳድሩት ሽማግሌዎች አሉ፣ ለክረምት ወይም ለበጋ የተከለለ ሣር ከሆነ ደግሞ የመንደሩ ከብት እንኳ አይገባበትም።

ፈቃድ የሚገኘው በአብዛኛው በሰላምታ ነው። የሚያርስ ወይም የሚያጭድ ሰው ሲያገኙ ራቅ ብሎ ቆሞ «እግዜር ያበርታ» ማለት፣ አውድማ ላይ ከሆኑ «ያበርክትላችሁ» ብሎ መጀመር፣ ከዚያ የመጡበትን ነገር በግልጽ መናገር። ሱሉልታና በደቡብ ባለው የሊበን ሜዳ ላይ በኦሮምኛ «አካም ጅርቱ» ብሎ ሰላም ማለት የሚችል ሰው ግማሹን መንገድ ሄዷል። ሰላምታ ሳይሰጡ ባይነኩላር ወደ ዓይን ማንሳት ግን ብዙ ነገር ያበላሻል፤ መነጽሩ ወደ ቤትና ወደ ሴቶች ወንዝ መውረጃ የዞረ ሲመስልማ የባሰ ነው።

እዚህ ላይ ከሌላው አገር የሚለይ አንድ ጉዳይ አለ። ቴሌስኮፕ በሦስት እግር ማቆሚያ ላይ ተተክሎ ሲታይ ከቀያሽ መሣሪያ ጋር ይመሳሰላል። በከተማ ዙሪያ ባሉ አካባቢዎች መሬት ለግንባታ ሲወሰድ የኖረ በመሆኑ፣ ማሳው ዳር ቆሞ በመሣሪያ የሚያነጣጥርና ማስታወሻ የሚይዝ ሰው ለገበሬው መጥፎ ምልክት ነው። ሥጋቱ የመጣው ከደረሰበት ነገር ነው፤ ባለማወቅ አይደለም። ጥሩው ዘዴ ቴሌስኮፑን ተክሎ መጀመሪያ ባለመሬቱን «ይምጡ አባባ፣ ይዩት» ብሎ መጋበዝ ነው። ዕድሜ ልኩን ከዝይው ጋር የኖረ ሰው የላባውን ቀለም በቅርበት ሲያይ፣ ወፉ የት እንደሚያድርና መቼ ጫጩት ይዞ እንደሚታይ ራሱ መናገር ይጀምራል። ከየትኛውም መጽሐፍ የማይገኝ መረጃ ነው።

ወቅትም ሥርዓት አለው። ጤፍ የሚዘራው በክረምት፣ በደንብ በለሰለሰና በተጠቀጠቀ መሬት ላይ ነው፤ ዘሩ ደቃቅ ስለሆነ ከላይ ተበትኖ የሚቀር እንጂ በጥልቀት የሚቀበር አይደለም። አዲስ በተዘራ ማሳ ላይ አሥር እርምጃ መሄድ የሚያደርሰው ጉዳት ወዲያው አይታይም፤ ከሳምንታት በኋላ ቡቃያው ሳስቶ ይታያል። በዚህ ጊዜ መሄጃው ድንበሩ ወይም የከብት መንገዱ ብቻ ነው። ከአጨዳ በኋላ ነገሩ ይቀላል። በበጋ ከሰሜን የሚመጡት ቁመተ ረጅም ክሬኖች በሱሉልታ፣ በቢሾፍቱ ጨለለቃና በጣና ዙሪያ ታጭዶ በተለቀቀ ማሳ ላይ የረገፈ እህል ሲለቅሙ ለማየት ጥሩው ወቅት ይህ ነው። ያም ሆኖ ክምሩ ገና ያልተወቃ ከሆነ አጠገቡ መድረስ አይገባም።

በቆላው ማሽላ ፍሬ ሲይዝ ደግሞ ጠላት የሚባለው ወፍ ራሱ ነው። ግሪሳ በመንጋ ከወረደ የዓመት ልፋት በጥቂት ቀን ያልቃል፤ መንግሥት በአውሮፕላን መድኃኒት እስከ መርጨት የሚደርሰውም ለዚህ ነው። ማሳው መሃል ከእንጨት የተሠራ ማማ ይቆማል። ማማው ላይ ያለው ልጅ ጠጠሩን ከእግሩ ሥር ከምሮ፣ ወንጭፉን በእጁ ጠቅልሎ፣ ገና ሳይነጋ መጮህ ይጀምራል፤ ጅራፍም ያስጮኻል። እንግዳው ወፎቹ እንዲያርፉለት ይፈልጋል፤ ልጁ እንዲሄዱለት። በዚህ ክርክር ውስጥ መብት ያለው ልጁ ነው። ጩኸቱን እንዲያቆም መለመን፣ ይባስ ብሎ ገንዘብ ሰጥቶ ዝም ማሰኘት፣ የቤተሰቡን እህል ለወፍ አሳልፎ መስጠት ነው። ተመልካቹ መኖሩን አሳውቆ፣ ወንጭፉ ከሚወረውርበት አቅጣጫ ርቆ፣ ከማማው በስተኋላ ቢቆም ይበቃዋል።

አንዳንድ ቦታ ላይ ግን ጨዋነቱ ጨርሶ አለመግባት ነው። ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ፣ በአዲስ ዓለም አቅራቢያ የሚገኘው የበርጋ ረግረግ ዋይት-ዊንግድ ፍላፍቴል ለምትባል ድርጭት የምታህል ወፍ ከታወቁት ጥቂት መራቢያዎች አንዱ ነው። በዓለም ላይ ያሉት ለአካለ መጠን የደረሱ ወፎች ከ250 እንደማይበልጡ ይገመታል፤ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮም እጅግ ለመጥፋት የተቃረቡ ከሚባሉት ተርታ ገብታለች። በ2018 ደቡብ አፍሪካ ውስጥ መራባቷ እስኪረጋገጥ ድረስ መራቢያዋ ኢትዮጵያ ብቻ እንደሆነች ይታሰብ ነበር። የምትፈለፍለው በሐምሌና በነሐሴ፣ ረግረጉ ውኃ ሲይዝና ሣሩ ሲያድግ ነው፤ ጎጆዋ ከሣሩ ሥር፣ ከውኃው ጥቂት ከፍ ብሎ ይሠራል። ረግረጉ የአካባቢው ሰው ከብቱን የሚያሰማራበት፣ ሣር የሚያጭድበት ነው። ነዋሪዎቹ ወፏን ለመጠበቅ ተደራጅተዋል፤ የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበርም ከእነሱ ጋር ሲሠራ ቆይቷል።

ይቺ ወፍ አትታይም። በሣሩ ውስጥ እንደ አይጥ ትሮጣለች፤ የምትታየው ሰው ሊረግጣት ሲደርስ ለጥቂት ሰከንድ ስትበር ብቻ ነው። ስለዚህ «አይቻታለሁ» ለማለት የሚቻለው ረግረጉን በማሰስና በማስነሳት ነው፣ ያም ጎጆና ጫጩት መርገጥን ያስከትላል። ለጥናት የተፈቀደለት ባለሙያ ይህን የሚያደርገው በጥንቃቄና በጥቂቱ ነው። ለጎብኚ ግን፣ በእኔ እምነት፣ ምንም ምክንያት አይበቃውም። የከብቱን ግጦሽ ለወፏ ሲል ከሚያዘገይ ሰው መሬት ላይ ያያቸውን ወፎች ዝርዝር ለማሟላት ብሎ መግባት ነውር ነው።

ከነገሌ ቦረና አጠገብ ያለው የሊበን ሜዳም ተመሳሳይ ነው። ሊበን ላርክ የምትባለው ወፍ ሣር ውስጥ፣ መሬት ላይ ትራባለች፤ ሜዳው በግጦሽ ብዛት፣ በቁጥቋጦ መስፋፋትና በእርሻ እየጠበበባት ከዋናው አፍሪካ ምድር የምትጠፋ የመጀመሪያዋ ወፍ እንዳትሆን ተፈርቷል። የቦረና አርብቶ አደሮች ካሎ የሚሉት፣ በእሾህ ታጥሮ ለድርቅ ጊዜ የሚቆይ የሣር ክልል አላቸው። ካሎው ለጥጃና ለደከመ ከብት የታሰበ ቢሆንም ሣሩ ስለሚያድግበት ለወፏም መጠለያ ይሆናል። እሾሁን ገልጦ መግባት ክልክል ነው፤ ከውጭ ቆሞ ጠዋት ላይ ወንዱ ወደ ላይ እየወጣ ሲዘምር መስማት ይቻላል።

ስለ ገንዘብ፦ የሚከፈለው ለአካባቢው አስጎብኚ ወይም ለቀበሌው ማኅበር መሆን አለበት። ከትምህርት ቤት ቀርተው መኪና ለሚከተሉ ልጆች ብርና ከረሜላ መበተን ለሚቀጥለው ጎብኚም ለልጆቹም አይበጅም። ጎጆ ላሳየ ልጅ መክፈልማ በጣም አደገኛ ነው፤ በማግሥቱ እንቁላሉን በእጁ ይዞ ይመጣል። በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ያሉ ደኖች ወፍ የሞላባቸው ናቸው፤ ቄሱን ወይም ጥበቃውን አስፈቅዶ፣ በቅዳሴ ሰዓት ሳይሆን፣ ተሸፍኖ መግባት ነው። የወፍ ድምፅ ከስልክ እያጫወቱ መጥራት በመራቢያ ወቅት መተው አለበት። ድሮን ያለ ፈቃድ አይበርም፤ ባይነኩላርም አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ጥያቄ ሊያስነሳ ስለሚችል አስጎብኚውን ቀድሞ ማማከር ይሻላል።

የተነሣ ፎቶ ሲለጠፍ ስልኩ ቦታውን አብሮ እንዳያወጣ ማጥፋት ያስፈልጋል። ብርቅዬ ወፍ የታየበት ነጥብ የአንድ ሰው ጓሮ ከሆነ፣ ባለቤቱ ሳይስማማ አድራሻው አይሰጥም፤ የወረዳውን ስም መጻፍ ለመዝገብ በቂ ነው።