ባያስ ፕላይ ጎማ ምንድን ነው? ለድሮ ሆት ሮድ እሱ ይሻላል ወይስ ራዲያል?

ሆት ሮድ ማለት ለፍጥነት ተብሎ የተሻሻለ የድሮ መኪና ነው። አንድ የ1932 (እ.ኤ.አ.) ፎርድ ሮድስተር፣ ማለትም ጣሪያ አልባ መኪና፣ በዓይነ ሕሊናችሁ አምጡ። ፓራፋንጎዎቹ ተነቅለዋል፣ ኮፈኑ ወልቋል፣ ቪ8 ሞተሩ ፊት ለፊት ይታያል። ከፊት ቀጫጭን፣ ከኋላ ረዘምና ወፈር ያለ ጎማ ተገጥሞለት ወደፊት ደፋ ብሎ ቆሟል። አሁን እነዚያን ጎማዎች አውጡና ዛሬ ማንኛውም የቤት መኪና ላይ ያለውን አጭርና ሰፊ ጎማ ግጠሙበት። መኪናው ያው ነው፤ መልኩ ግን ጠፋ።

ለዚህ ነው ሆት ሮድ የሚሠሩ ሰዎች ስለ ጎማ ማውራት ከጀመሩ የማይጨርሱት። ችግሩ ወሬው መልክ ላይ ይቀራል። ዋናው ጉዳይ ያለው ከላስቲኩ ሥር ነው።

ጎማ ላስቲክ ብቻ አይደለም። ውስጡ ክር አለው፤ የንፋሱን ግፊት ተቋቁሞ ቅርጹን የሚጠብቀው ይህ ክር ነው። ሁለቱ ጎማዎች የሚለያዩት ክሩ በተዘረጋበት አቅጣጫ ነው። ባያስ ማለት ሰያፍ ማለት ነው። ክሩ ከአንዱ ጠርዝ ተነስቶ ወደ ሌላው በሰያፍ ይሄዳል፣ ከላዩ የሚደረበው ደግሞ በተቃራኒው ሰያፍ ይመጣና ሁለቱ እየተቋረጡ የኤክስ ቅርጽ ይሠራሉ። ፕላይ የሚባለው እያንዳንዱ ድርብ ነው። ራዲያል ላይ ክሩ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ቀጥ ብሎ ይሻገራል። ጎማውን ከጎን ብታዩት ክሮቹ ከመሃል ወደ ውጭ እንደሚወጣ የፀሐይ ጨረር ናቸው። መሬት ከሚነካው ክፍል ሥር ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከብረት ሽቦ የተሠራ ቀበቶ ዙሪያውን ይታሰራል።

በእጃችሁ ልትሞክሩት ትችላላችሁ። መሀረብ ያዙና በክሩ አቅጣጫ ሳቡት። እምቢ ይላል። ከጥግ ወደ ጥግ ሳቡት። ይለጠጣል፣ ቅርጹም ይጣመማል። ባያስ ጎማ መንገድ ላይ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ጎኑና መሬት የሚነካው ክፍሉ በአንድ ክር የተያያዙ ስለሆኑ ጎኑ በታጠፈ ቁጥር ጥርሱም አብሮ ይንቀሳቀሳል፤ ኩርባ ላይ መኪናው ሲያዘነብል ጎማው አስፋልቱን የያዘበት ቦታ ራሱ ይዛባል። ራዲያል ላይ ሥራው ተከፋፍሏል። ጎኑ ለስላሳ ነው፣ እሱ ይታጠፋል፤ ቀበቶ የታሰረው ክፍል ግን ዝርግ ብሎ መሬቱ ላይ ይቀመጣል። የቀረው ልዩነት አብዛኛው ከዚህ የሚመጣ ነው። ራዲያል በኩርባና በእርጥብ መንገድ የተሻለ ይይዛል፣ ብዙ አይግልም፣ ጥርሱም ረጅም ጊዜ ይቆያል።

ታዲያ ለምን ባያስ? የዘመኑ ጎማ እሱ ስለነበር ነዋ። ሚሼሊን ራዲያልን ፓተንት ያደረገው እ.ኤ.አ. በ1946 ነው፤ ለገበያ ያቀረበው በ1949። አሜሪካ ግን ብዙ ዘግይታለች። ሊንከን ኮንቲኔንታል ማርክ 3 ከፋብሪካ ራዲያል ተገጥሞለት የወጣው በ1970 ነው። ከዚያ በፊት በካሊፎርኒያ ደረቅ ሐይቆች፣ በሙሮክና በኤል ሚራዥ፣ አቧራ እያስነሱ ሲወዳደሩ የነበሩት ልጆች የሚነዱት በባያስ ነበር። ስለዚህ የ1940ዎቹን መኪና በትክክል መልሼ እሠራለሁ ለሚል ሰው መልሱ ግልጽ ነው። ባያስ ሲቆም ቀጥ ይላል፣ ጎኑ ወደ ውጭ አያብጥም። ራዲያል ደግሞ ከታች ሆዱ ስለሚወጣ ንፋስ ያነሰው ይመስላል፤ የድሮ መኪና ላይ ይህ ዓይን ውስጥ ይገባል።

አሁን ወደ መንዳቱ። ጠዋት ነው፣ መኪናው ሌሊቱን ቆሞ አድሯል። ባያሱ የናይለን ክር ያለው ከሆነ መሬት የነካው ቦታ ጠፍጠፍ ብሎ ያድራል። ስትነሱ መሪው ላይ ድው፣ ድው፣ ድው የሚል ነገር ይሰማችኋል። ብልሽት አይደለም። ጥቂት ኪሎ ሜትር ስትሄዱ ጎማው ይሞቅና ድምፁ ይጠፋል። ከዚያ ከባድ መኪኖች ያጎደጎዱት መንገድ ላይ ትገባላችሁ። የፊት ጎማው የቦዩን ጠርዝ ይይዝና በራሱ መሄድ ይፈልጋል። ትመልሱታላችሁ፣ ወደ ሌላው ይሄዳል። በቀጥታ መንገድ ላይ እጃችሁ አያርፍም። ይህን የሚወዱ ሰዎች አሉ፣ ስሜቱ ይገባኛል፤ ሆት ሮድ መንዳት ማለት ይህ ነው ይላሉ። ግን ረጅም መንገድ ላይ፣ ዝናብ ሲጨመርበት፣ አጠገባችሁ ሰው ተቀምጦ፣ ያደክማል። (መኪናው ከልክ በላይ የሚንከራተት ከሆነ በጎማው ከመፍረዳችሁ በፊት ኪንግ ፒኑን (የፊት ጎማው ወደ ግራና ቀኝ የሚዞርበትን ፒን) እና የመሪውን ቦክስ አስፈትሹ። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የላላው መሪ ሆኖ ሳለ ጎማው ነው የሚወቀሰው።)

ራዲያልም ቢሆን ዝም ብሎ አይገጠምም። በጣም የምሰጋው ለቸርኬው ነው። ራዲያል መንገዱን ጠበቅ አድርጎ ስለሚይዝ ኩርባ ላይ ቸርኬው የሚቀበለው የጎን ጫና ይጨምራል፣ የ1930ዎቹ ቸርኬ ደግሞ ለዚህ ተብሎ አልተሠራም። ዝገት የበላው ከሆነ ሊሰነጠቅ ይችላል። ስለዚህ ቀለሙን አስፍቃችሁ በባዶ ብረቱ እዩት፤ በተለይ በብሎን ቀዳዳዎቹና በብየዳው ዙሪያ። ሌላው ከመነዳሪ ነው። የድሮ ቸርኬ የጎማውን ጠርዝ ከውስጥ ይዞ የሚያስቀረው ጉብታ የለውም፣ የሽቦ ቸርኬ ከሆነ ደግሞ ሽቦው በገባበት በኩል ንፋስ ያመልጣል። እንዲህ ያለው ከመነዳሪ ይፈልጋል፣ ከመነዳሪውም ለራዲያል የተሠራ መሆን አለበት። በባያስ ውስጥ የነበረውን አሮጌ ከመነዳሪ ራዲያል ውስጥ መክተት ቁጠባ አይደለም፤ የራዲያል ጎን ብዙ ስለሚታጠፍ ላስቲኩን ያሸዋል።

መኪናው በወጣበት ጊዜ የታተመው መጽሐፍ ላይ ያለው የንፋስ መጠንና የአላይመንት ቁጥርም የተጻፈው ለባያስ ነው። ራዲያል ከገጠማችሁ ሁለቱም ይለወጣሉ። ጎሚስታው መጽሐፉን ብቻ አይቶ እንዳይሠራ ቀድማችሁ ንገሩት።

አንድ ነገር ላይ ግን አልደራደርም። አንድ አክሰል ላይ ግራና ቀኙን ባያስና ራዲያል አድርጋችሁ አትግጠሙ። በጭራሽ። ፊትና ኋላ መለያየቱም አይመከርም። የግድ ከሆነ ራዲያሉ ከኋላ ይሁን። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ፊቱ ከኋላው የበለጠ መንገዱን ከያዘ ኩርባ ላይ ኋላው ያመልጥና መኪናው ይዞራል። የብሪታንያ ሕግ ሳይቀር ፊቱ ራዲያል ሆኖ ኋላው ባያስ የሆነ መኪና መንገድ ላይ እንዳይወጣ ይከለክላል።

እኔን ብትጠይቁኝ፣ መኪናው ለትርዒት የሚቆምና በሰንበት አጭር መንገድ የሚወጣ ከሆነ ባያስ ግጠሙ፣ መልኩን አትንኩት። ከተማ ለከተማ የሚጓዝ፣ ቤተሰብ የሚጭን ከሆነ ራዲያል። ዛሬ ደግሞ ከውጭ ባያስ የሚመስል፣ ቀጭንና ረጅም፣ ጎኑ ላይ ነጭ ቀለበት ያለው ራዲያል ይሠራል። ዋጋው ይከብዳል፣ ቀረብ ብሎ የሚያይ ባለሙያም ይለየዋል፤ ቢሆንም ብዙ ለሚነዳ ሰው እኔ የምመርጠው እሱን ነው።

ስትገዙ ጎኑን አንብቡ። 6.00-16 የሚል ካያችሁ ባያስ ነው፤ ወርዱ 6 ኢንች፣ ቸርኬው 16 ኢንች፣ መሃሉ ላይ ሰረዝ። 205/70R15 ዓይነት ከሆነ R (አር) የምትለዋ ፊደል ራዲያል ማለት ናት። የጎማው ቁመት ከተለወጠ የፍጥነት መቁጠሪያው እንደሚሳሳትም አትርሱ።

የተሠራበትን ቀን ሳታዩ ደግሞ ገንዘብ አታውጡ። የሆት ሮድ ጎማ ብዙ ስለማይነዳ ጥርሱ ሳያልቅ ላስቲኩ ያረጃል፤ አዲስ መስሎ ውስጡ ደርቆ ይቆያል። ጎኑ ላይ DOT (ዶት) ከሚለው ጽሑፍ በኋላ ካለው ኮድ የመጨረሻዎቹን አራት አሃዞች ፈልጉ። 2419 ከሆነ በ2019 በ24ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ሦስት አሃዝ ብቻ ከሆነ ከ2000 በፊት የተሠራ ስለሆነ ተዉት። ከውጭ በኩል ካጣችሁት በሌላኛው ጎን ሊሆን ይችላል፤ የተገጠመ ጎማ ከሆነ መኪናው ሥር ጎንበስ ብላችሁ በባትሪ እዩት።