ቀላ ማለት በሰለ ማለት አይደለም፦ ስለ አፕል ለቀማ በየዓመቱ የምሰማቸው ስህተቶች

መዝገበ ቃላቱ ፖም ይለዋል። እኛ ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ያለነው ግን «አፕል ፒኪንግ እንሂድ» ነው የምንለው። ስለዚህ እኔም አፕል ልበለው። ቨርጂኒያ ውስጥ ዊንቸስተር አካባቢ፣ ሰው ራሱ እየለቀመ በሚገዛበት እርሻ ላይ ቅዳሜና እሁድ እሠራለሁ። ዘንድሮ ስድስተኛ ዓመቴ ነው። ሥራዬ ከረጢት መሸጥና የትኛው መደዳ እንደደረሰ መናገር ነው። ከዚያ የነገርኳቸው ሰዎች ወደ ሌላው መደዳ ሲሄዱ ቆሜ አያለሁ።

ከእንቁጣጣሽ ጀምሮ ሐበሻው በመኪና ተከታትሎ ይመጣል። ከአሌክሳንድሪያ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ። ቡናው በፔርሙዝ፣ ድፎ ዳቦው በፎጣ ተጠቅልሎ። ደስ ይለኛል፣ ቀኑን አገር ቤት ያስመስሉልኛል። ግን ስድስት ዓመት ሙሉ ያንኑ ነገር መስማት ያደክማል። ዘንድሮ በጽሑፍ ልገላገለው።

«ቀዩን ምረጥ፣ ቀዩ ነው የበሰለው»

የምታንገበግበኝ ይህቺ ናት። ከየት እንደመጣች አውቃለሁ፤ ከቡና ነው የመጣችው። ጥሩ ቡና ለቃሚ ቀይ እሸቱን ይለቅማል፣ አረንጓዴውን ይተወዋል። ልክ ነው። ቲማቲምም እንደዚያው ነው። አፕል ግን ቡና አይደለም።

አፕል የሚቀላው ፀሐይ ሲያገኘውና ሌሊቱ ሲቀዘቅዝለት ነው። ካላመናችሁ እርሻው ውስጥ ዞር ዞር በሉና ቅጠል የተለጠፈበት ፍሬ ፈልጉ። ቅጠሉን አንሱት። ሥሩ የቅጠሉ ቅርጽ በአረንጓዴ ታትሞ ታገኛላችሁ፣ ዙሪያው ደግሞ ደም መስሏል። ያው አንድ ፍሬ ነው። ግማሹ በስሎ ግማሹ ጥሬ የቀረ እንዳይመስላችሁ፤ ፀሐይ ያልነካው ቦታ አልቀላም፣ በቃ። አንዳንድ ገበሬዎች እንዲያውም ዛፉ ሥር የሚያብረቀርቅ ሸራ ያነጥፋሉ፣ ብርሃኑ ከታች ወደ ላይ እንዲመታና ፍሬው እንዲቀላ። ለዓይናችን ብለው ነው።

የአገራችንን ብርቱካን አስታውሱ። ልጣጩ አረንጓዴ ሆኖ ውስጡ ማር የሚሆነውን። እሱን ስንገዛ ማን ቀለም ጠየቀ?

ዋናው አታላይ ሬድ ዴሊሽየስ የሚባለው የአፕል ዓይነት ነው። ገበሬዎች ለብዙ ዓመታት ቶሎ የሚቀላውን፣ ይበልጥ የሚቀላውን ቅርንጫፍ እየመረጡ አባዝተውታል። ስለዚህ ከመብሰሉ ሳምንታት በፊት ቀይ ሆኖ ይቆማል። ሰርጓ ሳይደርስ የተኳለች ሙሽራ በሉት። አንድ የሰፈሬ ሰው ነሐሴ ማለቂያ ላይ መጣ። «ጌላ (Gala) የሚባለው አፕል ደርሷል፣ ወደዚያ ሂድ» አልኩት። ጌላው ላይ ቢጫ ስላየበት አልወደደውም። ሬድ ዴሊሽየሱ ጋ ሄዶ አሥር ኪሎ የሚሆን ሞላ። በሳምንቱ ደወለልኝና «ምን ዓይነት እርሻ ነው፣ ሣር ሣር ይላል፣ አፌን ያዘኝ» አለኝ። ወንድሜ፣ ሣር ከሆነ እኮ የለቀምከው አንተ ነህ።

እዚያ ጠረጴዛዬ ላይ የአዮዲን ብልቃጥ አለኝ። ክርክር ሲበዛብኝ አንድ ቀይ አፕል ወገቡ ላይ ለሁለት እቆርጥና አዮዲን እነፋበታለሁ። ጥሬ ከሆነ በደቂቃ ውስጥ ጥቁር ሰማያዊ ይሆናል፣ ልክ ቀለም እንደፈሰሰበት። ያ ገና ወደ ስኳር ያልተቀየረ ስታርች ነው። የበሰለውን ስቆርጥ መሐሉ ነጭ ሆኖ ይቀራል፣ የሚጠቁረው ወደ ልጣጩ ጠጋ ያለው ብቻ ነው። በጣም የበሰለው ምንም አይጠቁርም። ገበሬዎቹ ራሳቸው ለመልቀም የሚወስኑት እንዲህ አይተው ነው። ሁለቱን ግማሾች ጎን ለጎን ሳስቀምጥ ሰው ዝም ይላል። ከዚያ ከረጢቱን ይዞ ቀዩ ጋ ይሄዳል።

እናንተ አዮዲን አያስፈልጋችሁም። ቀዩን እርሱት፤ ከቀዩ ሥር ያለውን ቀለም፣ በተለይ ጅራቱ የገባበትን ጎድጓዳ ተመልከቱ። እዚያ የሣር አረንጓዴ ከሆነ ተዉት። ወደ ቢጫ ካደላ ለቅማችሁ አንዱን ቁረጡ። ውስጡ ያለው ዘር ቡናማ ከሆነ ደርሷል፣ ነጭ ከሆነ አልደረሰም። ቀድሞ የተለቀመ አፕል ቤት ሲቀመጥ ትንሽ ይጣፍጣል፣ ግን ዛፉ ላይ ሊያገኝ የነበረውን ጣዕምና ሽታ አያገኝም። ግራኒ ስሚዝ ደግሞ አረንጓዴ ነው፣ አረንጓዴ ሆኖ ይለቀማል፣ አትጠብቁት። ጎልደን ዴሊሽየስም ቢጫ ነው። ለመስቀል ሰሞን ማር የሚሆነው እሱ ነው፣ ግን ስላልቀላ ማንም አይነካውም። እኔ ምሳዬን የምበላው እዚያ መደዳ ውስጥ ነው፣ ጸጥ ያለ ነው።

«ጥቅምት ላይ እንሂድ፣ ቅጠሉም ያምራል»

ቅጠሉስ ያምራል። ግን ጥቅምት አጋማሽ ላይ መጥታችሁ «ሃኒክሪስፑ የት ነው?» አትበሉኝ። አልቋል። አፕል ሁሉ ባንድ ቀን አይደርስም። በእኛ አካባቢ ጌላና ሃኒክሪስፕ የእንቁጣጣሽ ናቸው፣ እንዲያውም ቀደም ይላሉ። ጎልደንና ሬድ ዴሊሽየስ ለመስቀል ይደርሳሉ። ግራኒ ስሚዝና ፉጂ የጥቅምት ናቸው። ፒንክ ሌዲ የመጨረሻዋ ናት፣ ጥቅምትን ጨርሳ ነው የምትመጣው። እንደ ዓመቱ ሙቀት ሳምንት ወዲህ ሳምንት ወዲያ ይላል። ከመምጣታችሁ በፊት ደውሉ። ሦስት መኪና ሙሉ ሰው ይዞ ከመደወል ይልቅ መንዳት የሚቀለው ለምን እንደሆነ አልገባኝም።

«ጥሩው ጫፍ ላይ ነው»

ስለዚህ ይወጣሉ፣ ወይም ይወዘውዛሉ። ማንጎ በድንጋይ ያወረድንበት ልጅነት አይለቅም መሰለኝ። የአሁኑ የአፕል ዛፍ ግን አብዛኛው ድንክ ነው፣ ሆን ተብሎ የተደነከ። የዛፉ ላይኛው ክፍል የተጣበቀው የሌላ ዓይነት አፕል ሥር ላይ ነው፣ ለምሳሌ ከእንግሊዝ አገር የወጣው ኤም 9 የሚባለው፤ ዛፉን ከሦስት ሜትር ብዙ አያሳልፈውም። ሥሩ ደካማ ስለሆነ ከሽቦና ከእንጨት ጋር ታስሮ ነው የሚቆመው። አምና አንድ አባት ልጁን ቅርንጫፍ ላይ አስቀምጦ ፎቶ ሊያነሳ ነበር። ስደርስ የተገነጠለውን ቅርንጫፍ፣ ከነፍሬው፣ በጫማው ክር ሊያስር ይታገል ነበር።

መውጣት አያስፈልግም። ቀድሞ የሚበስለው ከውጭ በኩል ፀሐይ የሚያገኘው ነው፣ ትከሻችሁ ጋ ያለው። መዳፋችሁን ከሥሩ አድርጉ፣ ወደ ላይ አንሱት፣ ትንሽ ጠምዘዝ። ከደረሰ ከነጅራቱ እሺ ብሎ ይመጣል። ከጎተታችሁት ግን ጅራቱ የተያያዘባትን አጭር ጉጥ አብራችሁ ትነቅላላችሁ፣ የከርሞው አበባ እምቡጥ ደግሞ ዘንድሮ በጋ ላይ እዚያች ጉጥ ላይ ተቋጥሯል። የከርሞውን ፍሬ ነው ይዛችሁ የምትሄዱት።

«ከእርሻው ስለሆነ መድኃኒት የለውም»

ይህን ሰምተው ለልጅ ሳያጥቡ የሚያበሉ እናቶች አሉ። የቨርጂኒያ በጋ ሞቃትና እርጥብ ነው። ፈንገሱ፣ ባክቴሪያው፣ ፍሬ ውስጥ የሚገባው ትል፣ ሁሉም ይወደዋል። ስለዚህ ይረጫል። ኦርጋኒክ የሚባለውም ብዙ ጊዜ ይረጫል፣ ድኝና መዳብ የመሳሰሉትን። ከተረጨ በኋላ ሳይለቀም መቆየት ያለበት የቀን ቁጥር በሕግ አለ። የሚያስፈራ ነገር የለውም፣ ውኃ ከፍታችሁ እያሻሻችሁ እጠቡት፣ በቃ። ልጣጩ ላይ የምታዩት ነጭ ጉም የመሰለ ነገር ግን ብዙውን ጊዜ አፕሉ ራሱ የሚያወጣው ሰም ነው። በሸሚዝ ስታሹት የሚያበራው እሱ ነው።

የቀሩትን ቶሎ ቶሎ ልበላቸው።

ከሱቅ ይረክሳል? ቤንዚኑን፣ ዶናቱንና የልጆቹን ጋሪ ደምሩና ንገሩኝ።

ሳይደር አልኮል ነው? አሜሪካ ውስጥ በደፈናው ሳይደር ሲሉ ያልተጣራ የአፕል ጭማቂ ማለታቸው ነው። የሚያሰክረው «ሀርድ ሳይደር» ነው። ይልቅ ጠርሙሱ ላይ ፓስቸራይዝድ መሆኑን፣ ማለትም ጀርሙ በሙቀት የተገደለ መሆኑን፣ አንብቡ፣ በተለይ ለሕፃንና ለነፍሰ ጡር። እ.ኤ.አ. በ1996 እዚህ አገር ፓስቸራይዝድ ባልሆነ የአፕል ጁስ ውስጥ ኢ. ኮላይ የሚባል ባክቴሪያ ገብቶ አንዲት ሕፃን ሞታለች።

መሬት የወደቀው ነፃ ነው? ሌሊት አጋዘን ሲያድርበት የነበረ መሬት ነው። ተዉት። ተርቡም እዚያው ነው ያለው።

የአፕል ዶናት የጾም ነው? ይህን እንኳን በሐዘኔታ ነው የምናገረው። ሊጡ ውስጥ እንቁላልና አሬራ አለ። ጽጌን የምትጾሙ፣ ከመስከረም 26 ጀምሮ ማለት ነው፣ ቁርጣችሁን እወቁ። ባለፈው ዓመት ሦስተኛውን እየበሉ ለነበሩ አንድ እናት ልናገር ብዬ አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት።

ጠረጴዛ ላይ በሰሃን ይቀመጣል? ለሳሎን ጌጥ ከሆነ እሺ። ለመብላት ከሆነ ፍሪጅ አስገቡት፣ ውጭ ቶሎ ይለሰልሳል። ፍሪጅ ውስጥም ለብቻው፣ በተበሳ ፌስታል። አፕል ኤትሊን የሚባል ጋዝ ያወጣል፤ ጎመን አጠገቡ ካለ ቢጫ ይሆናል፣ ካሮትም ይመራል። የተቀጠቀጠውን ለይታችሁ መጀመሪያ ብሉት። ጌላ ብዙ አይቆይም። ለገና የሚሆን ከፈለጋችሁ ፉጂ ወይም ፒንክ ሌዲ ውሰዱ።

«ዘሩን አገር ቤት እተክለዋለሁ»

ይህቺን የሚሉኝ ሁልጊዜ እናቶች ናቸው፣ ስለዚህ መቆጣት አልችልም። አምና አንዲት እናት ሃኒክሪስፕ በልተው ዘሩን አንድ በአንድ ሶፍት ላይ ደረደሩት። ደብረ ብርሃን ለእህታቸው ሊልኩ ነው። አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«እማማ፣ ከዚህ ዘር ሃኒክሪስፕ አይወጣም» አልኳቸው። ሃኒክሪስፕ የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ አዳቅሎ እ.ኤ.አ. በ1991 ያወጣው ነው። ከዚያ ወዲህ ያለው ዛፍ ሁሉ ከመጀመሪያው ዛፍ እየተቀነጠበ ሌላ ሥር ላይ የተጣበቀ ነው። ዘሩ ግን እናቱን እንጂ አባቱን አናውቀውም፣ ንብ ናት ከሌላ ዛፍ ያመጣችው። አምስት ዘር ብትተክሉ አምስት የማይመሳሰል ልጅ ይወጣል። አብዛኛው ጎምዛዛ ነው። አንዳንዴ ዕድል ይቀናል፣ ጎልደን ዴሊሽየስ እዚህ ጎረቤታችን ዌስት ቨርጂኒያ ውስጥ ማንም ሳያስበው በቅሎ የተገኘ ነው። ያንን ለመጠበቅ ግን ዕድሜም ይጠይቃል።

ሌላው ብርዱ ነው። የዚህ አገር አፕል ረጅም ክረምት ተኝቶ ካልነቃ በደንብ አያብብም። እኛ ጋ የሚስማማው ትንሽ ብርድ የሚበቃው ነው፣ እስራኤል ውስጥ የተዳቀለው አና፣ ከባሃማስ የመጣው ዶርሴት ጎልደን። ጋሞ ደጋ ላይ ጨንቻ ውስጥ ሚሲዮናውያን ካስገቡት ወዲህ ገበሬው አባዝቶታል፣ ችግኝም ይሸጣል። «እህትዎ ከዚያ፣ ሌላ ሥር ላይ የተጣበቀ ችግኝ ይግዙ፣ ሁለት ዓይነት ጎን ለጎን ይትከሉ፣ አንዱ ለአንዱ የአበባ ዱቄት እንዲሰጥ» አልኳቸው።

በጥሞና ሰሙኝ። «ጨንቻ» ብለው ስሙን ደገሙት። ከዚያ ሶፍቱን በአራት አጠፉና ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት። «አይ ልጄ፣ የእኔ እህት እጅዋ ያፈራል» አሉኝ።