ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል

ይህ አባባል ዛሬ የሚነሣው አብዛኛውን ጊዜ ስለ ሙስና ሲወራ ነው፤ አንዱ ሌባ ሹምን ለመውቀስ፣ ሌላው እየሳቀም ቢሆን የራሱን እጅ ለማመካኘት ይጠቅሰዋል። የቃላቱ ፍቺ ግልጽ ነው፦ በሥልጣን ላይ ሳለ ያልተጠቀመ ሰው ከሹመቱ በወረደ ጊዜ ያመለጠው ነገር ያንገበግበዋል። ይሁን እንጂ በቀድሞው ሥርዓት ሹም ከቤተ መንግሥት ደመወዝ አይቆረጥለትም ነበርና እርሱም፣ ወታደሩም፣ አሽከሩም የሚያድሩት ከተሾመበት አገር በሚገባው ግብር፣ በጉልት (ግብሩ ለሹሙ በተሰጠ መሬት) እና በማደሪያ መሬት ነበር። ስለዚህ ጉልት «ይበላል» ማለት የመተዳደሪያ እንጂ የስርቆት ቃል አልነበረም።

እኔ ከሁሉ ይልቅ ልብ የምለው «ሲሻር» የሚለውን ነው። ተናጋሪው «ቢሻር» አላለም፤ ሽረቱን እንደ ክረምት መግባት የማይቀር አድርጎ ቆጥሮታል። «ይቆጨዋል» ማለቱም «ይጸጽተዋል» ከማለት ይለያል፤ ጸጸት ለሠሩት በደል፣ ቁጭት ላመለጠ ዕድል ነውና።

የሹም ሽሩን ጠባይ ለማስረዳት ከአውራጃ ገዥነት ተነሥተው ዙፋን ላይ ከወጡት ከተፈሪ መኰንን ታሪክ የተሻለ አላገኘሁም (ዓመታቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው)። የጅቡቲ ንግድ የሚያልፍባትን ባለጸጋዋን ሐረርን አባታቸው ራስ መኰንን ከ1879 ጀምሮ በ1898 እስካረፉ ድረስ ገዝተዋል፤ ሹመት ግን እንደ ርስት ከአባት ለልጅ በቀጥታ የሚወርድ አይደለምና ተፈሪ ሐረርን ያገኙት ሌሎች፣ በመጨረሻም ደጃዝማች ባልቻ ሳፎ፣ ከገዟት በኋላ በ1902 ነበር። በነሐሴ 1908 ደግሞ ልጅ ኢያሱ ከሐረር አንሥተው ከፋን ሰጧቸው። አባባሉ በእርሳቸው ላይ ሊደርስ ሲል ነገሩ ተገለበጠ፤ መስከረም 17 ቀን 1909 ኢያሱ ራሳቸው ተሽረው ዘውዲቱ ንግሥት፣ ተፈሪም ራስ ተብለው አልጋ ወራሽ ሆኑ። የተሻረ የአውራጃ ገዥ ሁለት ወር ባልሞላ ጊዜ ውስጥ የመላው አገር ሿሚና ሻሪ ለመሆን በቃ።

ከዚያ በኋላ ተራው የሌሎች ነበር። በ1920 ባልቻ ከሲዳሞ ብዙ ሠራዊት አስከትለው አዲስ አበባ ሲገቡ ተፈሪ በግብር ተቀበሏቸው፤ እርሳቸው በግብሩ ሳሉ ሠራዊታቸው እንዲበተን ተደረገ፣ ሲዳሞም ለሌላ ተሰጠ። አማርኛ ለቀረጡና ለግብዣው አንድ ስም መስጠቱ እዚህ ላይ ፌዝ ይመስላል፤ ባልቻ ሲሻሩ ይበሉ ነበር።

ተፈሪ በ1923 ዘውድ ጭነው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከተባሉና ከስደት ከተመለሱ በኋላ፣ በ1934 የወጣው የአገር ግዛት አስተዳደር ደንብ ገዥዎችን የመንግሥት ደመወዝተኞች አደረጋቸው። ደመወዝ የሚቀበል ሹም «በላ» ሲባል የማይገባውን ወሰደ ማለት ስለሚሆን፣ የአባባሉ የዛሬ ፍቺ የጸናው ከዚህ ወዲህ ይመስለኛል። «ሲሻር» የሚለውን ግን ደንቡ አልነካውም፤ ያወጡት ንጉሠ ነገሥት ራሳቸው መስከረም 2 ቀን 1967 ከዙፋን ወረዱ።