ቤይሊፍ በር ሲያንኳኳ፦ በካውንስል ታክስ ዕዳ ዙሪያ የሚነገሩ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

በእንግሊዝና በዌልስ አብዛኛው ነዋሪ ለአካባቢው አስተዳደር፣ ማለትም ለካውንስሉ፣ የሚከፍለው የመኖሪያ ቤት ግብር ካውንስል ታክስ ይባላል። ግብሩ በ1992 በወጣ ሕግ ተደንግጎ ከኤፕሪል 1993 ጀምሮ የሚሰበሰብ ነው (ዓመተ ምሕረቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። ውዝፉ ሲጠራቀም ካውንስሉ ዕዳውን እንዲያስከፍልለት ወደ ቤይሊፍ ሊመራው ይችላል። ሕጉ ከ2014 ወዲህ ይህን ሠራተኛ «ኢንፎርስመንት ኤጀንት» ቢለውም በሰፈር የሚጠራው ግን በጥንት ስሙ ነው። በወገኖቻችን መካከል ስለ ቤይሊፍ የሚወራው ግማሹ ከሚገባው በላይ የሚያስፈራ፣ ግማሹ ደግሞ ከሚገባው በላይ የሚያዘናጋ በመሆኑ፣ ከሁለቱም ወገን የሚሰሙትን አንድ በአንድ ማየት ተገቢ ነው። ስኮትላንድ የራሷ ሥርዓት ስላላት ከዚህ በታች ያለው እርሷን አይመለከትም።

«ቤይሊፍ ፖሊስ ነው፤ የመኖሪያ ፈቃድም ይጠይቃል»

አይደለም። ለካውንስል ታክስ የሚመጣው ቤይሊፍ ብዙውን ጊዜ የአንድ የግል ኩባንያ ሠራተኛ ሲሆን፣ ሥራውን ለመሥራት ከካውንቲ ፍርድ ቤት የተሰጠው የምስክር ወረቀት ሊኖረው ይገባል። የምስክር ወረቀት ያላቸው ሰዎች ስም ዝርዝር በመንግሥት ድረ ገጽ ላይ ስለሚገኝ ማንም ሰው ገብቶ ማረጋገጥ ይችላል። መታወቂያውንና ለሥራው የተሰጠውን ሥልጣን እንዲያሳይ ሲጠየቅ ማሳየት ግዴታው ነው፤ ወረቀቱንም በመስኮት በኩል ወይም በበሩ ቀዳዳ አሾልኮ ማሳየት ይችላልና ለዚህ ሲባል በር መክፈት አያስፈልግም። የማሰር ሥልጣን የለውም፣ የኢሚግሬሽን ጉዳይም አይመለከተውም። ፖሊስ አብሮ ቢመጣ እንኳ ጠብ እንዳይነሣ ለመጠበቅ እንጂ በር ለማስከፈት አይደለም።

«ደብዳቤውን ካልከፈትኩት ክሱም አልደረሰኝም ማለት ነው»

ከሁሉም በላይ ገንዘብ የሚያስወጣው ስሕተት ይህ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በአገራችን መጥሪያ በእጅ ካልተሰጠና ካልተፈረመበት እንዳልደረሰ ይቆጠራል የሚል እምነት የያዘ ሰው፣ እዚህ ፖስታው በበሩ ቀዳዳ ወድቆ ጫማ መደርደሪያው ሥር ሲከማች ምንም የተፈጠረ አይመስለውም። ነገር ግን ደብዳቤው በመኖሪያ አድራሻው በፖስታ ከተላከ ሥርዓቱ መንገዱን ይቀጥላል። በመጀመሪያ ማስታወሻ ይመጣል። በማስታወሻው ቀነ ገደብ ካልተከፈለ በየወሩ ከፋፍሎ የመክፈል መብት ሊታጣና የዓመቱ ቀሪ ሂሳብ በአንድ ጊዜ ሊጠየቅ ይችላል። ቀጥሎ የማጅስትሬት ፍርድ ቤት መጥሪያ ይመጣል፤ ፍርድ ቤቱም ዕዳው መኖሩን የሚያረጋግጥ ትእዛዝ ይሰጣል፣ የፍርድ ቤቱ ወጪም በዕዳው ላይ ይጨመራል። በዚያ ቀን ብዙ መቶ ሰዎች ስማቸው በአንድ ዝርዝር ላይ ሰፍሮ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ትእዛዝ ሊሰጥባቸው ስለሚችል፣ ዳኛው ፊት ቀርቦ ችግርን የማስረዳት ዕድል ሰፊ ነው ብሎ ማሰብ አይገባም። ችግርን የማስረዳት ጊዜው ከዚያ በፊት፣ የመጀመሪያው ማስታወሻ በመጣ ጊዜ ነው።

ከትእዛዙ በኋላ ካውንስሉ ከደመወዝ ወይም ከመንግሥት ድጎማ ላይ እንዲቆረጥ ማድረግ ይችላል፤ ወይም ወደ ቤይሊፍ ይመራዋል። ቤይሊፉም ቤት ከመምጣቱ በፊት ቢያንስ 7 ሙሉ ቀናት የሚሰጥ ማስጠንቀቂያ መላክ አለበት፤ እሑድና የሕዝብ በዓላት አይቆጠሩም።

እነዚህ 7 ቀናት ዋጋ አላቸው። በ2014 በወጣው የክፍያ ደንብ መሠረት፣ ጉዳዩ ቤይሊፍ እጅ እንደገባ 75 ፓውንድ ይታሰባል። ቤይሊፉ በአካል ከመጣ ደግሞ ሌላ 235 ፓውንድ ይጨመራል፤ ዕዳው ከ1,500 ፓውንድ ካለፈም በትርፉ ላይ 7.5 በመቶ ይታከላል። ዕቃ ወደ ሐራጅ ከሄደ እንደገና 110 ፓውንድ አለ። ደንቡ ሊሻሻል ስለሚችል በደብዳቤው ላይ የሰፈረውን ቁጥር ማየት ይገባል፤ የስሌቱ መንገድ ግን ይኸው ነው። 900 ፓውንድ ዕዳ የነበረበት ሰው ማስጠንቀቂያው እንደደረሰው ተነጋግሮ ክፍያ ቢጀምር 975 ፓውንድ ይሆንበታል፤ ዝም ብሎ ቤይሊፉ አንድ ጊዜ በር አንኳኩቶ ቢመለስ ግን፣ ማንም ባይከፍትለትም፣ 1,210 ፓውንድ ይደርሳል። «በመጣ ቁጥር ይጨምራል» የሚባለው ግን ትክክል አይደለም፤ 235 ፓውንዱ ለደረጃው አንድ ጊዜ የሚታሰብ ነው እንጂ ለእያንዳንዱ ጉብኝት አይደለም።

«ካልከፈትኩለት በሩን ሰብሮ ይገባል»

ለካውንስል ታክስ ዕዳ የመጣ ቤይሊፍ በመጀመሪያ ጉብኝቱ በር ሰብሮ፣ ቁልፍ ሠሪ አምጥቶ፣ በመስኮት ዘሎ ወይም በር ላይ የቆመን ሰው ገፍቶ መግባት አይችልም። መምጣት የሚችለውም ከጧቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። ወሬው የተደባለቀው ያልተከፈለ የወንጀል ቅጣት ለማስከፈል የሚመጡት ሰዎች የተለየ ሥልጣን ስላላቸው ይመስለኛል። ስለዚህ በር ላይ ለቆመው ሰው ስለ ምን ዕዳ እንደመጣ በመስኮት መጠየቅ የመጀመሪያው ጥያቄ ሊሆን ይገባል።

ቤይሊፉ መግባት የሚችለው በሰላማዊ መንገድ ነው፤ ማለትም ሲፈቀድለት ወይም በሩ ሳይቆለፍ ቀርቶ ራሱ ከፍቶ ሲገባ ነው። የእኛ ልማድ ችግር የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። ቅዳሜ ጧት ቡናው እየተቆላ በሩ ሲንኳኳ፣ ያንኳኳው ማን እንደሆነ ሳይታወቅ «ግቡ፣ ግቡ» ይባላል፤ እንግዳን በር ላይ አቁሞ ማነጋገር ነውር ነውና። ደረቱ ላይ መታወቂያ ያንጠለጠለው ሰው በትሕትና «ውስጥ ሆነን ብንነጋገር ይሻላል» ሲል፣ ያቺ አንዲት እርምጃ የጉዳዩን መልክ ትለውጠዋለች። ከገባ በኋላ ዕቃዎችን መዝግቦ ስምምነት ሊያስፈርም ይችላል፤ ዕቃው ቤት ይቆያል፣ ባለዕዳው በየጊዜው ይከፍላል። ክፍያው ከተቋረጠ ግን ቢያንስ የ2 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ተመልሶ ሲመጣ፣ በዚህ ጊዜ በኃይል የመግባት መብት ይኖረዋል። ያልተነበበ ወረቀት ላይ መፈረም ቀላል ነገር ያልሆነው በዚህ ምክንያት ነው። የክፍያ ስምምነት በስልክ ወይም በተዘጋ በር ጀርባ ሆኖም መደራደር ይቻላል።

«በሩን ከዘጋሁ ነገሩ አበቃ»

ይህኛው የዚያኛው ተቃራኒ ነው። ውጭ የቆመ መኪና የመግቢያ ፈቃድ አያስፈልገውም፤ ቤይሊፉ ጎማውን ቆልፎበት ቢያንስ ከ2 ሰዓት በኋላ ሊወስደው ይችላል። በፋይናንስ የተገዛና ክፍያው ያላለቀ መኪና ግን ንብረትነቱ ብዙውን ጊዜ የአበዳሪው ስለሆነ ውሉን ማሳየት ይጠቅማል። የአካል ጉዳተኛ መኪና መለያ የሆነው ሰማያዊ ካርድ ያለበት መኪናም አይወሰድም። ለራስ ሥራ የግድ የሚያስፈልጉ መሣሪያዎችና መኪና የሚጠበቁት ጠቅላላ ዋጋቸው እስከ 1,350 ፓውንድ ከሆነ ነው፤ የታክሲ ሹፌሮቻችን ይህን ቁጥር ማወቅ አለባቸው፣ አብዛኛው የሥራ መኪና ከዚህ በላይ ያወጣልና።

«ቤቱን ጠራርጎ ይወስዳል»

አልጋ፣ ልብስ፣ ማብሰያ ምድጃ፣ ማቀዝቀዣ፣ የልብስ ማጠቢያ፣ ለቤተሰቡ የሚበቃ የምግብ ጠረጴዛና ወንበር፣ ለሕክምና የሚያስፈልግ ነገር አይነካም። የሌላ ሰው ንብረትም እንደዚሁ፤ ባለቤትነቱን ማሳየት ግን ያስፈልጋል። ቴሌቪዥንና ውድ ሶፋ ከጥበቃው ውጭ ናቸው።

«እንግሊዝኛ ስለማልችል ልጄ ያነጋግረው»

ይህ ነጥብ ለብቻው ሊጻፍበት የሚገባ ነው። ቤት ውስጥ ያለው ከ16 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ብቻ ከሆነ ቤይሊፉ መግባት አይችልም። መንግሥት ያወጣው የሥራ መመሪያ ደግሞ ከ12 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ብቻ ካሉ ምንም ሳይጠይቅ መመለስ እንዳለበት ይናገራል። ሆኖም እናት ወጥ ቤት ሆና የ10 ዓመቷ ልጅ በሩን ስትከፍትና ስታስተረጉም ሁኔታው ሌላ ነው፤ ልጅ በማይገባት ቃል እናቷን ወክላ ስትደራደር የሚጠፋው ነገር ብዙ ነው፣ በልጅቱ ላይ የሚያሳድረው ፍርሃትም እንዲሁ።

ብዙዎች የማያውቁት ነገር ያው መመሪያ ልዩ ጥንቃቄ ሊደረግላቸው ይችላል ብሎ ከሚዘረዝራቸው ሰዎች መካከል እንግሊዝኛ ለመረዳት፣ ለመናገር ወይም ለማንበብ በግልጽ የሚቸገሩ ሰዎች መኖራቸውን ነው። አረጋውያን፣ ነፍሰ ጡሮች፣ በጽኑ የታመሙ፣ በቅርቡ ሐዘን የደረሰባቸው፣ ልጆቻቸውን ብቻቸውን የሚያሳድጉ ወላጆችና ሥራ አጦችም በዝርዝሩ ውስጥ አሉ። በክፍያ ደንቡም መሠረት እንዲህ ያለ ተጋላጭ ሰው ምክር የሚያገኝበት በቂ ዕድል ሳይሰጠው ቤይሊፉ ዕቃ ወደ ማንሳት ከሄደ፣ የጉብኝቱን ክፍያ ማስከፈል አይችልም። ለካውንስሉም ለቤይሊፉም «እንግሊዝኛ እቸገራለሁ፣ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ» ብሎ በጽሑፍ ማሳወቅ ስለዚህ ልመና አይደለም።

«ቤይሊፍ እጅ ከገባ ካውንስሉ አያነጋግርም»

ስልክ ላይ ያለው ሠራተኛ እንዲህ ሊል ይችላል። ዕዳው ግን እስከ መጨረሻው የካውንስሉ ነው፤ ከፈለገ መልሶ ሊወስደው ይችላል፣ በተለይ ባለዕዳው ተጋላጭ ከሆነ። ለካውንስሉ በቀጥታ መክፈልም ይቻላል፣ የተጨመረው የቤይሊፍ ክፍያ ግን በዚያ አይሰረዝም። ከሜይ 4 ቀን 2021 ጀምሮ ደግሞ በዕዳ አማካሪ በኩል የሚጠየቅ የ60 ቀን ፋታ አለ፤ ፋታው ሲጸድቅ ቤይሊፉ ማቆም ግዴታው ነው። እንደ ስቴፕቼንጅ ያሉ በጎ አድራጎት ድርጅቶች ምክሩን በነፃ ይሰጣሉ፤ ገንዘብ ተቀብሎ «ዕዳህን አሰርዝልሃለሁ» ከሚል ሰው መራቅ ነው።

«ቅናሽ መጠየቅ ቪዛ ያበላሻል»

እዚህ ላይ ወሬው ግማሽ እውነት ስላለው መለየት ያስፈልጋል። ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ሰዎች የሚሰጠው የካውንስል ታክስ ቅነሳ በኢሚግሬሽን ደንብ እንደ ሕዝብ ገንዘብ ይቆጠራል፤ በቪዛው ላይ የሕዝብ ገንዘብ እንዳይጠቀም ገደብ ያለበት ሰው ከመጠየቁ በፊት የሕግ ምክር ማግኘት አለበት። ብቻውን ለሚኖር አዋቂ የሚሰጠው የ25 በመቶ ቅናሽ ግን ከዚህ አይመደብም። የስደተኝነት መብት የተሰጠው ሰው ሁለቱንም መጠየቅ ይችላል።

«ክፍል ብቻ ነው የተከራየሁት፣ እኔን አይመለከተኝም»

እንደ ውሉ ይወሰናል። በአንድ ቤት ውስጥ እያንዳንዱ ሰው ክፍሉን ለብቻው ተዋውሎ ከተከራየ፣ ብዙውን ጊዜ ግብሩን መክፈል ያለበት አከራዩ ነው። ሦስት ጓደኛሞች ሙሉውን ቤት በአንድ ውል ከፈረሙ ግን እያንዳንዳቸው ለጠቅላላው ዕዳ ተጠያቂ ናቸው፤ አንዱ ድርሻውን ሳይከፍል ቢሄድ የቀሩት ይጠየቁበታል። አብረው የሚኖሩ ባልና ሚስትም ሂሳቡ በአንዱ ስም ብቻ ቢመጣም ሁለቱም ተጠያቂ ናቸው።

«ካልከፈልኩ እታሰራለሁ»

በዌልስ በዚህ ዕዳ ማሰር ከኤፕሪል 2019 ጀምሮ ቀርቷል። በእንግሊዝ ሕጉ እስከ 3 ወር እስራት የሚፈቅድ ቢሆንም፣ ዳኞች በቅድሚያ የሰውየውን ገቢና ወጪ መርምረው አለመክፈሉ ሆን ብሎ በመከልከል ወይም በጥፋተኛ ቸልተኝነት መሆኑን ማረጋገጥ አለባቸው። ከእጅ ወደ አፍ የሚኖር ሰው በድህነቱ አይታሰርም። ሆኖም ለዚህ ምርመራ ተጠርቶ ያልቀረበ ሰው ላይ የመያዣ ትእዛዝ ሊወጣ ስለሚችል፣ ይህ ጥሪ የደረሰው ሰው የደመወዝ ወረቀቱን፣ የባንክ መግለጫውንና የቤት ኪራይ ውሉን ይዞ መቅረብ ይኖርበታል።