በሰፈርህ መካከል የሚሄደው

ቅዳሜ የጽዳት ቀኔ ነው። ቤት እጠርጋለሁ፣ ልብስ አጥባለሁ፣ ግቢውን አጸዳለሁ። በመጨረሻም የሳምንቱን ቆሻሻ አጥሩ ጥግ ከምሬ ክብሪት እጭር ነበር። ፌስታሉ፣ ባዶው የዘይት ጀሪካን፣ የተበጠሰው የፕላስቲክ ጫማ፣ ሁሉም አብሮ ይነዳል። ለዓመታት እንዲህ አደረግሁ። አንድ ቅዳሜ እሳቱ ዳር ቆሜ መዝሙር እያንጎራጎርኩ ሳለ የጎረቤት መስኮት ጓ ብሎ ሲዘጋ ሰማሁ። ቀና አልኩ። ጥቁሩ ጭስ አጥሩን ተሻግሮ በቀጥታ ወደዚያው መስኮት እየሄደ ነው።

መዝሙሩን አቋረጥኩት።

ያን ሰሞን ዘዳግምን እያነበብኩ ነበር። ምዕራፍ 23 ላይ እስራኤል ለጦርነት ሰፍረው ሳሉ የተሰጣቸው አንድ ትእዛዝ አለ። እያንዳንዱ ሰው ከመሣሪያው ጋር መቆፈሪያ ይያዝ፤ ከሰፈር ወጥቶ ይጸዳዳ፤ ጉድጓድ ቆፍሮም የራሱን ይክደን ይላል። እውነት ለመናገር ይህን ክፍል ሁልጊዜ ሮጥ ብዬ ነበር የማልፈው። ስለ መጸዳጃ ማን ይሰብካል? ቁጥር 14 ላይ ግን ምክንያቱ ተጽፏል። እግዚአብሔር በሰፈርህ መካከል ይሄዳልና ሰፈርህ የተቀደሰ ይሁን።

ሰፈር። እኛም የምንኖርበትን በዚሁ ቃል ነው የምንጠራው። የኔ ቤትና ግቢ ንጹሕ ነበር፤ እንዲያውም የሚያስቀና። ትእዛዙ ግን ስለ ሰፈሩ ነው። እኔ "ጣልኩት" ወይም "አቃጠልኩት" ስል ከዓይኔ ራቀ ማለቴ ነው እንጂ ከሰፈሩ አልወጣም። ጌታ በሚሄድበት መንገድ ላይ አስቀመጥኩት ማለት ነው።

በሕዝቅኤል 34 ደግሞ እግዚአብሔር የሰቡትን በጎች ይወቅሳል። ጥፋታቸው ውኃ መጠጣታቸው አይደለም። ከጠጡ በኋላ የተረፈውን በእግራቸው ያደፈርሳሉ፤ ሌሎቹ በጎች ያንን ድፍርስ ይጠጣሉ። ይህን ሳነብ ያ መስኮት ነው ትዝ ያለኝ።

ጭሱ ደግሞ መስኮት ላይ አያበቃም። አንዳንድ ፕላስቲክ፣ በተለይ ፒቪሲ የሚባለው፣ ውስጡ ክሎሪን አለበት። ግቢ ውስጥ እንደምናነደው ዓይነት እሳት ላይ ሲቃጠል ዳይኦክሲን የሚባል መርዝ ይወጣዋል። ዳይኦክሲን ሣርና አፈር ላይ ያርፋል፣ ሣሩን የበላው እንስሳ ስብ ውስጥ ይከማቻል፣ ከዚያ በወተቱና በሥጋው ወደ ማዕድ ይመለሳል። ነቢዩ የተናገረው ስለ እረኞችና ስለ ሕዝቡ ነው፤ ስለ ኬሚስትሪ አላስተማረም። ቢሆንም አንዱ የረገጠውን ሌላው ይበላል የሚለው ቃል እዚህ ቃል በቃል ይሠራል።

ታዲያ ማቃጠሉን ካቆምኩ ቆሻሻውን የት ላድርገው? መጀመሪያ ምን እንደሆነ ማየት ነበረብኝ። ጓንት አድርጌ የአንድ ሳምንቱን ዘረገፍኩት። አፈርኩ። ከግማሽ በላዩ ምግብ ነው። የሻገተ ዳቦ፣ የላሸቀ ቲማቲም፣ ማቀዝቀዣ ጥግ ተረስቶ የከረመ ወጥ። በዚያው ማዕድ ላይ "የዕለት እንጀራችንን ስጠን" እያልኩ እጸልያለሁ። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2022 ዓ.ም. በዓለም ዙሪያ ከ1 ቢሊዮን ቶን በላይ ምግብ ተጥሏል። ከዚያ ውስጥ 60 በመቶ ያህሉ የወጣው እንደኔ ካሉ ቤቶች ነው።

ጌታ 5 የገብስ እንጀራና 2 ዓሣ ባርኮ ያን ሁሉ ሕዝብ ካጠገበ በኋላ ምን አለ? ምንም እንዳይጠፋ ቍርስራሹን ሰብስቡ አለ። እኔን የሚገርመኝ ይሄ ነው። ከምንም ማብዛት የሚችል ጌታ ፍርፋሪ ያስለቅማል። 12 መሶብ ሞላ። "እግዚአብሔር ሲሰጥ አብዝቶ ነው" የምንል ሰዎች ይህችን ቁጥር ለምን እንደምንዘላት አላውቅም።

አሁን ገበያ ከመውጣቴ በፊት ማቀዝቀዣውን እከፍታለሁ። ቀድሞ የሚበላሸውን ፊት ለፊት አደርጋለሁ። ልጣጩንና የአትክልት ትራፊውን በስብሶ ማዳበሪያ ለሚሆነው ለኮምፖስት አውለዋለሁ። የመጀመሪያው ሙከራዬ ግን ጉድ ነበር። እርጥቡን ብቻ ደራረብኩበትና ለ2 ሳምንት ያፈራሁት ዝንብ ብቻ ነው። ለካ በየጊዜው ደረቅ ቅጠል መደባለቅ፣ አየር እንዲገባውም ማገላበጥ ያስፈልጋል። ሥጋና ዘይት አይገባበትም። አየር ያጣ ምግብ ታፍኖ ሲበሰብስ ሚቴን ይወጣዋል፤ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ይልቅ እጅግ አብልጦ ሙቀት የሚይዝ ጋዝ ነው። ቆሻሻ መጣያ ቦታ ተራራ ሆኖ የተከመረው ምግብ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ኮምፖስቱ በደንብ ሲሠራ ግን ዝናብ ያገኘው አፈር ይሸታል። እፍኝ አድርጌ ሳነሳው "አፈር ነህና ወደ አፈርም ትመለሳለህ" የሚለው ቃል እንደ ድሮው አላስፈራኝም።

ሌላው ቀላል ነው። የጨርቅ ከረጢት በር ላይ አንጠልጥሉ። የተጠበሰበትን ዘይት ቱቦ ውስጥ አትድፉ፤ ይረጋና ይዘጋዋል። ያለቀ ባትሪ ከሌላ ቆሻሻ ለዩ። የሚያንጠባጥብ ቧንቧም አሠሩ፤ በሴኮንድ አንዴ ጠብ የሚል ቧንቧ በዓመት ከ11,000 ሊትር በላይ ያፈሳል። ለዚህ ብላችሁ ግን አዲስ ዕቃ ግዢ ውስጥ እንዳትገቡ። ቆንጆ የመስታወት ማሰሮ ለመግዛት ደህናውን የፕላስቲክ ዕቃ የሚጥል ሰው አይቻለሁ። ያው ሌላ ቆሻሻ ጨመረ።

አንድ ወንድም "ምድር እንደሆነ አላፊ ናት፣ ምን ያደክምሃል?" አለኝ። ሥጋችንም አላፊ ነው፤ ግን እናጥበዋለን አልኩት። ሳቀ። እሑድ ከአምልኮ በኋላ ወንበር ሥር የቀረውን የውኃ ላስቲክ አብረን ለቀምን። አብዛኛው ግማሽ ድረስ ውኃ ነበረበት። ስለ ፍጥረት ውበት ዘምረን ገና 10 ደቂቃ አልሞላንም።

ወደዚያች መስኮት ልመለስ። ይቅርታ ልጠይቅ ሄድኩ። አሮጊት እናት ናቸው። ስለ ጭሱ አንድም ቀን ተናግረውኝ አያውቁም፤ ይሉኝታ ይዟቸው ነው። "ኧረ ምንም አይደል ልጄ" አሉ መጀመሪያ። ቆይተው ደግሞ፣ "እኔማ ቅዳሜ ልብስ ማስጣት ከተውኩ ስንት ጊዜዬ" አሉኝ።

ባለፈው ቅዳሜ አንሶላቸው እስከ ማታ ገመድ ላይ ነበር።